91 ፕራይም ነው ያለው ማነው?

91ን አይቶ «ይሄ ፕራይም ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ፕራይም የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው፤ እንደ 2፣ 3፣ 5፣ 7 ማለት ነው። ስለ 91 ከሚባለው ውስጥ የተወሰነውን እንይ።

«91 ፕራይም ነው»

አይደለም። 7 ሲባዛ በ13፣ 91። አለቀ።

ግን ሰው ቢሸወድ አይፈረድበትም። ጎዶሎ ስለሆነ 2 አያካፍለውም። 9 እና 1 ሲደመሩ 10 ስለሚሆኑ 3ም አይሆንም። መጨረሻው 0 ወይም 5 ስላልሆነ 5ም ቀረ። የ7ን ማባዣ ደግሞ ብዙዎቻችን በቃል የያዝነው እስከ 12 ነው፤ 84 ላይ ያቆማል። 91 የተቀመጠው ልክ ከዚያ ቀጥሎ ነው!

«ለማረጋገጥ እስከ 90 ያለውን ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል»

ኧረ ምን በወጣችሁ! 10 ሲባዛ በ10፣ 100 ነው። ስለዚህ 91 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ አንደኛው የግድ ከ10 ያንሳል። 2፣ 3፣ 5 እና 7ን መሞከር በቂ ነው።

«የፌርማን ፈተና ያለፈ ቁጥር ፕራይም ነው»

ይሄኛው ሒሳብ የሚወዱትንም ያሳስታል። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ አስቀመጠ። ለምሳሌ 7 ፕራይም ነው፤ ከ7 አንድ ሲቀነስ 6። 3ን ስድስት ጊዜ ደጋግመን ብናባዛ 729 እናገኛለን፤ ለ7 ስናካፍለው 1 ይተርፋል። በ3 ቦታ 7 የማያካፍለውን የትኛውንም ቁጥር ብናስገባ ያው ነው። ሕጉ ለፕራይም ሁሉ ይሠራል። ሰው ግን ገልብጦ ይይዘዋል፤ «1 ከተረፈ ፕራይም ነው» ይላል።

አሁን ያንኑ 729 ለ91 እናካፍለው። 8 ጊዜ 91፣ 728። ቀሪ 1! 90 ደግሞ የ6 ብዜት ስለሆነ፣ 3ን 90 ጊዜ ብናባዛም የሚተርፈው 1 ነው። ፕራይም ሳይሆን ፈተናውን አለፈ። እንዲያውም በ3 ሲፈተኑ ከሚያጭበረብሩት ሁሉ ትንሹ 91 ነው። በ2 ስንፈትነው ግን ይነቃበታል፤ 90 ጊዜ ከተባዛ በኋላ የሚተርፈው 64 ነው።

«ፕራይም ካልሆነ ተራ ቁጥር ነው»

ከ1 እስከ 13 ያሉትን ደምሩ፤ 91 ነው። ብርቱካን ሻጭ ከታች 6 በ6 ደርድሮ፣ ከላዩ 5 በ5 እያለ እስከ አንድ ቢያደርስ 91 ብርቱካን ይፈጅበታል። እኔ ከፕራይምነቱ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

«የሄኖክ 91 ቀን ምስጢር ነው፤ የኛም አቆጣጠር እሱው ነው»

ሙሉው በግእዝ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ ዓመቱን 364 ቀን ያደርገዋል፤ አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ 91 ቀን። ሒሳቡ ግልጽ ነው። 91ን 7 ስለሚያካፍለው እያንዳንዱ ክፍል ልክ 13 ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ አራቱም ክፍሎች የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ዕለት ነው፤ ዓመት ቢለወጥም ያው ነው።

የኛ አቆጣጠር ግን ሌላ ነው። 12 ወር በ30 ቀን፣ ከዚያ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን። ለዚህ ነው እንቁጣጣሽ በየዓመቱ ዕለት የሚቀይረው። 364 ቀን ከፀሐይ ዓመት በአንድ ቀን ከሩብ ገደማ ያንሳል። ማካካሻ ካልተጨመረበት በ73 ዓመት ገደማ ወቅቶቹ አንድ ሙሉ ሩብ ዓመት ይዛነፋሉ።