በመዝሙረ ዳዊት «የኃጢአተኛ ትዕቢት» ምንድን ነው?

ትዕቢተኛ ሲባል ቶሎ የሚታየን ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ ሰላምታ የሚነፍግ፣ ስለ ራሱ ብቻ የሚያወራ ሰው ነው። መዝሙረ ዳዊት «የኃጢአተኛ ትዕቢት» ሲል ግን ከጠባይ ይልቅ አንድ እምነት ነው የሚከስሰው፦ «ጠያቂ የለብኝም» የሚለውን። ሰውየው በአነጋገሩ ጨዋ፣ በአደባባይ አንገቱን የሚደፋ ሊሆን ይችላል። ድሃውን ሲገፋ «ማን ይጠይቀኛል?» ብሎ ከተማመነ መዝሙሩ ትዕቢተኛ ይለዋል።

ወደ ጥቅሶቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ዋናው ክፍል በዕብራይስጡ አቆጣጠር መዝሙር 10 ነው። ሰብዓ ሊቃናት በሚባለው ጥንታዊ የግሪክ ትርጉምና በግእዙ ዳዊት ግን መዝሙር 9 እና 10 አንድ ናቸው፤ ያው ክፍል ከ9፥22 ጀምሮ ይገኛል። ሰኞ ዳዊት የሚደግም ሰው በመጀመሪያው ንጉሥ (በመጀመሪያዎቹ አሥር መዝሙራት ክፍል) ውስጥ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ በግእዙ በአንድ ዝቅ ይላሉ፤ 36 የሚባለው 35፣ 73 የሚባለው 72 ነው። እዚህ የመዝሙሮቹን ቁጥር የምንጠቅሰው በዕብራይስጡ አቆጣጠር ነው።

መዝሙር 10 የሚጀምረው እግዚአብሔር ለምን በሩቅ እንደቆመ በመጠየቅ ነው። ወዲያው ቁጥር 2 ላይ ትዕቢት ይነሣል፤ የተነሣውም ብቻውን አይደለም፣ በእርሱ ምክንያት ከሚሰቃየው ድሃ ጋር ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በመዝሙሩ ዘንድ ትዕቢት በሰውየው ልብ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀር የግል ነውር አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚጎዳው ሰው አለ። ቁጥር 8 እና 9 ሥራውን ሲዘረዝሩ በመንደር ማድባት፣ ንጹሑን በስውር መግደል፣ እንደ አንበሳ ተደብቆ መጠበቅ፣ ድሃውን በወጥመድ መሳብ ይላሉ። ፉከራ የለበትም። ሥራው ሁሉ ስውር ነው፤ ሰውየው ማንም አያየኝም ብሎ ነው የሚሠራው።

የመዝሙሩ ቁልፍ ያለው ኃጢአተኛው በልቡ በሚናገረው ላይ ነው። ቁጥር 4 ላይ በእርሱ ሐሳብ እግዚአብሔር የለም። ቁጥር 6 ላይ «አልታወክም» ይላል፤ እስከ ልጅ ልጅ ክፉ አያገኘኝም ማለቱ ነው። ቁጥር 11 ላይ እግዚአብሔር ረስቷል፣ ፊቱን ሰውሯል፣ ከቶ አያይም ይላል። ቁጥር 13 ላይ ደግሞ አይመራመረኝም ይላል። አራቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው አንድ የሚጋጭ ነገር ያያል፦ የሌለ አምላክ እንዴት ይረሳል? እንዴትስ ፊቱን ይሰውራል? ስለዚህ ቁጥር 4ን (እንዲሁም በመዝሙር 14 ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም የሚለውን) በዘመናችን ትርጉም እግዚአብሔር መኖሩን የሚክድ ፈላስፋ አድርጎ ማንበብ ከጽሑፉ ያርቃል። ሰውየው ምናልባት መሥዋዕቱን ያቀርባል፣ በዓሉንም ያከብራል። የካደው የእግዚአብሔርን መኖር ሳይሆን ዳኝነቱን ነው።

መዝሙር 9 ለዚህ ንግግር አስቀድሞ መልስ ሰጥቶታል። በ9፥12 እግዚአብሔር ደምን የሚመራመር፣ የድሆችንም ጩኸት የማይረሳ ነው። ኃጢአተኛው በ10፥11 «ረስቷል»፣ በ10፥13 «አይመራመረኝም» ሲል እነዚህኑ ሁለት ነገሮች አንድ በአንድ እየካደ ነው። ለዚህ ነው በ10፥12 የሚጸልየው ሰው «ድሆችን አትርሳ» ብሎ የሚለምነው፣ በ10፥15ም የክፋቱ ምርመራ እስከ መጨረሻው እንዲደርስ የሚጠይቀው። ሁለቱን መዝሙሮች ለያይቶ ያነበበ ይህ ክርክር ያመልጠዋል፤ በዚህ ረገድ የግእዙ ዳዊት አንባቢ ዕድለኛ ነው።

አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። ሁለቱ መዝሙሮች በዕብራይስጡ የፊደል ተራ ይከተላሉ፤ በመዝሙር 119 አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ እንደሚኬደው ማለት ነው። መዝሙር 10 በላሜድ ይጀምርና ትኩረቱ ወደ ኃጢአተኛው ሲዞር ተራው ይፈርሳል። ጸሎቱ «ተነሥ» ብሎ ቁጥር 12 ላይ ሲመለስ ፊደሉም በቆፍ ይመለሳል፤ ሬስ፣ ሳን፣ ታው እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አንዳንድ ሊቃውንት ይህ ጽሑፉ ሲገለበጥ የደረሰ ጉዳት ነው ይላሉ፣ ሌሎች ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ይላሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ዛሬ በእጃችን ባለው ጽሑፍ ሥርዓቱ የጎደለው ትዕቢተኛው በሚናገርበት ቦታ ነው።

መዝሙር 73 ያንኑ ሰው ከሌላ ወገን ያሳየናል። ተናጋሪው አሳፍ ነው፤ የተገፋ ድሃ ሳይሆን በትዕቢተኞች ላይ ቅናት ያደረበት ምእመን። ትዕቢተኞቹን አይቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት እንደቀረው ይናገራል። ሥዕሉ ሁሉ የአካል ሥዕል ነው፦ ትዕቢት የአንገት ጌጥ፣ ግፍ ልብስ፣ ከስብ የተነሣ የወጣ ዓይን፣ ወደ ሰማይ የተነሣ አፍ፣ በምድር የሚመላለስ ምላስ። እዚህ ትዕቢት አይደበቅም፤ ጌጥ ሆኖ ይታያል፣ ሕዝቡም ያደንቀዋል። ልቡ ግን ያው ነው፤ ቁጥር 11 ላይ «እግዚአብሔር እንዴት ያውቃል?» ይላሉ። የአሳፍ ሐሳብ የሚለወጠው ቁጥር 17 ላይ ወደ መቅደስ ገብቶ ፍጻሜያቸውን ሲያስተውል ነው፤ ቁጥር 18 እነርሱ በሚያዳልጥ ስፍራ እንደቆሙ ይናገራል። ቁጥር 2 ላይ ሊንሸራተት የነበረው እርሱ ነበር።

ከዚህ መዝሙር ተነሥቶ ሀብታም ሁሉ ትዕቢተኛ ነው ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። መዝሙር 112 እግዚአብሔርን በሚፈራ ሰው ቤት ክብርና ባለጠግነት እንዳለ ይናገራል፤ ዝቅ ብሎም ለችግረኞች በትኖ እንደሚሰጥ ይነግረናል። ብልጽግና አደገኛ የሚሆነው «የማልጠየቅ ስለሆንሁ ነው» ለሚለው ሐሳብ ማስረጃ ሆኖ ሲቆጠር ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጠለቅ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው «አልታወክም» የሚለውን ነው። ኃጢአተኛው በ10፥6 የተናገረው ይህ ቃል በ16፥8 በጻድቁ አፍ ይገኛል፤ እግዚአብሔር በቀኜ ስለሆነ አልታወክም ይላል። በ30፥6 ደግሞ ዳዊት ራሱ በተመቸው ጊዜ ለዘላለም አልታወክም ብሎ ነበር፤ በሚቀጥለው ቁጥር እግዚአብሔር ፊቱን መለሰ፣ እርሱም ደነገጠ። አነጋገሩ በሦስቱም ቦታ አንድ ነው፤ የሚለያየው በማን ላይ እንደተደገፈ ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ሰምቶ የማንን ልብ እንደሚገልጥ መወሰን አይቻልም፤ ተናጋሪው ራሱም በሦስቱ መካከል መቼ እንደተሻገረ ላያውቅ ይችላል።

ጳውሎስ በሮሜ 3 ላይ ያደረገው ይህን ያጠናክራል። መዝሙር 14ን፣ ስለ ኃጢአተኛው አፍ የሚናገረውን 10፥7ንና እግዚአብሔርን መፍራት በፊቱ የለም የሚለውን 36፥1ን ከሌሎች ጥቅሶች ጋር አያይዞ በአይሁድም በግሪክም ላይ ያነባቸዋል። በመዝሙሩ «እነርሱ» የነበረው «ሁላችን» ሆነ። የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስም ማርቄሊኖስ ለተባለ ሰው በጻፈው ደብዳቤ መዝሙራት ለሚዘምራቸው ሰው የነፍሱ መስታወት እንደሚሆኑ ተናግሯል። ይህን የዘነጋ አንባቢ መዝሙር 10ን በጎረቤቱና በአለቃው ላይ ሲደግም ይኖራል። በሌላ በኩል ትርጉሙን ወደ ውስጥ ብቻ መልሶ ድሃውን መርሳትም ጽሑፉን ማጉደል ነው፦ ቁጥር 15 የኃጢአተኛው ክንድ እንዲሰበር፣ ማለትም የሚጨቁንበት ኃይል እንዲወሰድ ይለምናል፤ ቁጥር 18ም ለድሃ አደጉ ፍርድ ይጠይቃል። የተገፋ ሰው ይህን ጸሎት እንደ ተጻፈ ሊጸልየው መብት አለው።

የሚጸልየው ሰው ራሱን የሚመረምርበት ክፍልም እዚያው ዳዊት ውስጥ አለ። 19፥13 ባሪያህን ከድፍረት ኃጢአት ጠብቅ፣ አይግዛኝ ይላል፤ ልመናው ስለ ሌላ ሰው አይደለም፣ ስለ ራሱ ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ያላት መዝሙር 131 ደግሞ በቅደም ተከተል ትሄዳለች፦ መጀመሪያ ልብ አለመታበዩን፣ ቀጥሎ ዓይን ከፍ ከፍ አለማለቱን፣ ከዚያም ከአቅም በላይ በሆነ ነገር አለመመላለስን ትጠቅሳለች። ከመዝሙር 10፣ ከ73ና የትዕቢት እግር እንዳይመጣበት ከሚለምነው 36፥11 ጋር አጠገብ ለአጠገብ ቢያነቧት፣ እያንዳንዱ የአካል ክፍል ከተቃራኒው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል።