ኤንጂኤፍ ምንድን ነው? በሽታ ተከላካይ ሴሎችስ ለምን ያመርቱታል?

ምጣድ እጁን የፈጀው ሰው በማግስቱ ለብ ባለ ውሃ ሲታጠብ እንደ እሳት ይለበልበዋል። ውሃው ያው ነው፤ የተለወጠው ነርቩ ነው። ለዚህ ለውጥ ትልቅ ድርሻ ካላቸው ነገሮች አንዱ ኤንጂኤፍ፣ ማለትም የነርቭ እድገት ፋክተር የሚባለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። ቁስሉ ላይ ይህን ፕሮቲን ከሚያፈሱት መካከል ደግሞ ጀርም ለመዋጋትና ፍርስራሽ ለማጽዳት የሚሰበሰቡት የበሽታ መከላከያ ሴሎች አሉበት።

ፕሮቲኑ ከሁለት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ወደ 120 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች አሏቸው። ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለይተውት በ1986 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። መጀመሪያ የታየው በዶሮ ሽል ላይ የተተከለ የአይጥ ካንሰር እጢ ነርቭ ሲያበቅል ስለነበር «እድገት» የሚለው ስም ተለጠፈበት። ስሙ ግን ያሳስታል። በሽል ውስጥ የሕመምና የሙቀት ነርቮች ያለ ኤንጂኤፍ ይሞታሉ፤ ባደገ ሰው ውስጥ ግን ነርቮቹ ያለ እሱም በሕይወት ይቆያሉ። አዋቂ ላይ ዋናው ሥራው የነርቩን ንቃት ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው።

ከበሽታ መከላከያው ጋር ያለው ዝምድና በ1977 ታየ፤ አዲስ የተወለዱ አይጦች ኤንጂኤፍ ሲወጉ ማስት ሴል የተባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎቻቸው በዙ። ኋላ ማስት ሴል ራሱ ፕሮቲኑን እንደሚሠራ፣ በከረጢቶቹ እንደሚያከማችና እንደሚለቅ ታወቀ። ይህ ሴል በቆዳ ውስጥ ከነርቭ ጫፎች አጠገብ ነው የሚኖረው። ሲነካ ሂስታሚንና ኤንጂኤፍ ይለቃል፤ የተነቃቃው ነርቭ በበኩሉ ሰብስታንስ ፒ የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ያም ተመልሶ ማስት ሴሉን ይነካዋል። ክቡ ካልተቋረጠ ብግነቱና ሕመሙ እርስ በርስ ይመጋገባሉ።

ፍርስራሽ የሚውጠው ማክሮፌጅ የተባለው ሴል ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ሥራ ሌላውን በማዘዝ ይሠራል። በእጅ ወይም በእግር ያለ ነርቭ ሲቆረጥ፣ ከቁርጡ ወዲያ፣ ወደ ጣቱ በኩል ያለው ክር ይበሰብሳል። በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ማክሮፌጆች ገብተው ፍርስራሹን ይውጣሉ፣ ኢንተርሊዩኪን-1 የተባለውን መልእክተኛም ይለቃሉ። መልእክቱ የደረሳቸው የነርቩ አጃቢ ሴሎች ኤንጂኤፍ ማምረት ይጀምራሉ። በ1987 የታተሙ የአይጥ ሙከራዎች ይህን በግልጽ አሳይተዋል፦ ከሰውነት ወጥቶ በሳህን ላይ የተቀመጠ የነርቭ ቁራጭ ብዙም ኤንጂኤፍ አላመረተም፤ ማክሮፌጅ ወይም ኢንተርሊዩኪን-1 ሲጨመርበት ግን ምርቱ ጨመረ። ስለዚህ ብግነት ለተጎዳ ነርቭ ጠላት ብቻ አይደለም። ክሩ ከተነሣ በኋላ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ አንጓው ላይ ለተቆረጠ ነርቭ 18 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለ የጣት ጫፍ ለመድረስ ስድስት ወር ግድም ማለት ነው። በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ጽዳቱ በጣም ይዘገያል፤ እዚያ ነርቭ መልሶ ለማደግ ከሚቸገርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ሕመሙ የሚባባሰው በሁለት ፍጥነት ነው። ኤንጂኤፍ በነርቩ ጫፍ ላይ ካለው ትርክ-ኤ ከተባለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቲአርፒቪ1 የተባለው በር ይላላል። ይህ በር የሚጥሚጣን ማቃጠል የምናውቅበት ሲሆን፣ በጤናማ ቆዳ በ43 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይከፈታል። ሲላላ ከዚያ ባነሰ ሙቀትም ይከፈታል፤ ለብ ያለው ውሃ የሚለበልበው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው፦ ኤንጂኤፍና ተቀባዩ አንድ ላይ ተውጠው በክሩ ውስጥ ወደ ሴሉ አካል ይጓዛሉ። ከእግር ጣት ተነሥቶ ወገብ አካባቢ እስኪደርስ መንገዱ 1 ሜትር ይሆናል። እዚያ ሲደርስ ሴሉ ተጨማሪ በሮችንና ሰብስታንስ ፒን እንዲያመርት ያዘዋል። 1 ማይክሮግራም ብቻ ቆዳቸው ውስጥ የተወጉ ፈቃደኞች የተወጉበት ቦታ ለሳምንታት ስሜቱ ተቆጥቶ ቆይቷል።

የኤንጂኤፍ ወንድም የሆነው፣ ነርቭን የሚደግፈው ቢዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲንም በዚሁ ሠፈር አለ። ቲ ሴሎች፣ ቢ ሴሎችና ሞኖሳይቶች የተባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎች እንደሚሠሩት በ1999 ተዘግቧል፤ የበሽታ መከላከያው የራሱን ነርቮች በሚያጠቃበት በመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኞች አንጎል ቁስል ውስጥም ተገኝቷል። ነርቭን የሚያጠቃው ወገን የነርቭ መድኃኒትም ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

እነዚህን ፕሮቲኖች ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚለካ ሰው ሁለት ወጥመዶች አሉ። ቢዲኤንኤፍ ደምን በሚያረጋው በፕሌትሌት ውስጥ በብዛት ስለሚከማች፣ ደሙ ሲረጋ ይፈስሳል፤ ከረጋ ደም የተወሰደ ሴረም ካልረጋ ደም ከሚወሰደው ፕላዝማ እጅግ የበዛ ቁጥር ያሳያል፣ ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። ሌላው፣ ኤንጂኤፍ መጀመሪያ ሲሠራ ረዘም ያለ ነው፤ ኋላ ተቆርጦ ያጥራል። ይህ ያልተቆረጠ ቅርጽ ፒ75 ከተባለው ተቀባይ ጋር ሲጣመር ሴልን ወደ ሞት ሊገፋ ይችላል። መለኪያው ሁለቱን ካልለየ «ኤንጂኤፍ ጨመረ» የሚለው ውጤት ማዳኑን ይንገር ጥፋቱን አይታወቅም።

ኤንጂኤፍን የሚያግድ ታኔዙማብ የተባለ መድኃኒት የመገጣጠሚያ ሕመምን ቀንሷል። ሆኖም በአንዳንድ ታካሚዎች መገጣጠሚያው በፍጥነት ተበላሸ፤ በ2021 መድኃኒቱን የማበልጸግ ሥራ ቆመ። በተቃራኒው ሴኔገርሚን የተባለው የዓይን ጠብታ ኤንጂኤፍን ራሱን ይሰጣል። ነርቩ በመጎዳቱ ለማይድን የዓይን ብሌን ሽፋን ቁስል በአሜሪካ የተፈቀደው በ2018 ነው፤ በሚሊ ሊትር 20 ማይክሮግራም፣ በየ2 ሰዓቱ አንድ ጠብታ፣ በቀን 6 ጊዜ፣ ለ8 ሳምንት። ተጠቃሚዎቹ አብዝተው የሚያሰሙት ቅሬታ የዓይን ሕመም ነው።