«ቀለም መግዣ ስላጡ ነው» የሚባሉት ሠዓሊዎች

ሥነ ጥበብ አስተምራለሁ። ከተጣለና ከተራ ዕቃ የተሠራ ሥራ ለማሳየት ተማሪዎቼን ይዤ ኤግዚቢሽን በሄድኩ ቁጥር፣ አጠገባችን የቆመ አንድ ሰው «ምን ያድርግ፣ ቀለም መግዣ ቢያጣ ነው» ማለቱ አይቀርም። ይህን መስማት አንገሽግሾኛል። ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከሚወሩት ስህተቶች ቀለል ያሉትን ላስቀድምና እመለስበታለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«መሳል የማይችሉ ሰዎች መሸሸጊያ ነው።» ፓብሎ ፒካሶ በ1942 ከብስክሌት መቀመጫና መሪ የበሬ ራስ ሠርቷል። እርሱን መሳል አይችልም የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

«የሰሞኑ ፋሽን ነው።» ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻም የብስክሌት ጎማ በርጩማ ላይ የተከለው በ1913 ነው።

«ዱሻም የወንዶች መሽኛ አቀረበ፣ ዓለምም አጨበጨበለት።» ማን አጨበጨበለት? በ1917 ኒውዮርክ ላይ፣ 6 ዶላር የከፈለ ሠዓሊ ሁሉ ሥራውን የሚያሳይበት ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። መሽኛው «አር. መት» በሚል የፈጠራ ስም ተፈርሞበት ሲቀርብ ግን አዘጋጆቹ አናሳይም አሉ። ዋናው ጠፍቶ ቀረ፤ ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታዩት በኋላ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው።

አሁን ወደ ድህነቱ ወሬ ልመለስ። ኤልያስ ስሜ በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሠዓሊ ነው። ማዘርቦርዱን (የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ)፣ የኪቦርድ ቁልፉንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከመርካቶ በገንዘቡ ይገዛል። የሚፈልገው ዓይነት እስኪጠራቀምለት ዓመታት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ሥራው አጠገብ ቆማችሁ እዩት፤ ባለቀለም ሽቦው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ ረድፍ በረድፍ በእንጨት ላይ ተመትቷል። ራቅ ስትሉ ደግሞ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ወይም ከተማ ይመስላል። በቱቦ የሚሸጥ ቀለም ገዝቶ መቀባት ከዚህ ሁሉ ይቀል ነበር።

ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ፣ ንሱካ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ቅርፃ ቅርፅ ያስተማረው ኤል አናትሱይም እንዲሁ ነው። እንጨትም ሸክላም ሠርቶባቸዋል። በኋላ የአልኮል ጠርሙስ ክዳኖችን እየደፈጠጠና እያጠፈ በመዳብ ሽቦ ማያያዝ ጀመረ፤ ግድግዳ የሚያለብስ፣ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ብረት ወጣው። አልኮል አውሮፓውያን ለንግድ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ካመጧቸው ሸቀጦች አንዱ ነበር፤ ክዳኑ ያንን ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ የዘይት ቀለም ይህን አይሰጥም። በ2015 የቬኒስ ቢየናሌ፣ ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን፣ ለዕድሜ ልክ ሥራው «የወርቅ አንበሳ» የተባለውን ሽልማት ሰጥቶታል።

የሚያናድደኝ ይህ ነው፦ ፒካሶ የብስክሌት መቀመጫ ሲያነሳ «ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!» ይባላል፤ አፍሪካዊው ሽቦ ሲያነሳ «አጥቶ ነው» ይባላል። የራሳችን ሰዎች ሲሉት ደግሞ ይብሳል።

ይህ ወሬ ተማሪዎችንም ያሳስታል፤ ወጪ የሌለው ሥራ ይመስላቸዋል። አንዱ ተማሪዬ ሸራ ላይ ቆርኪ በኮላ ለጥፎ አመጣ። ክረምቱ ሳይወጣ ግማሹ ረገፈ። ሸራ ይለጠጣል፣ ይረግባል፤ ብረት አይሸከምም። ስለዚህ ጠንካራ ጣውላ ግዙ፤ ቆርኪውን ብሱና በሽቦ እሰሩት ወይም በሚስማር ምቱት። የጣውላው፣ የሚስማሩና የማጓጓዣው ወጪ ከሸራና ከቀለም ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድማችሁ አስሉ። መዳብ ለማውጣት ብላችሁ ሽቦ አታቃጥሉ፤ የላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው። ባትሪ አትክፈቱ። ማዘርቦርድ ስትቆርጡ ጓንትና ጭምብል አድርጉ፤ ብየዳው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። የሰበሰባችሁትን በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ በቀለምና በመጠን ለዩት፤ ያሰባችሁትን ስፋት የሚሸፍን ሳይሞላ አንድም ሚስማር አትምቱ።