በረዶ መሃል መቅዘፍ፦ በዋልታ የመርከብ ጉዞ ከመርከብ መውረድና ካያክ

ሐዋሳ ለምንኖር ሰዎች ጀልባ ብርቅ አይደለም። አሞራ ገደል ሄዶ የዓሣ ሾርባ መጠጣት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ ሲሻሙ ማየት፣ ከዚያ ጀልባ ተሳፍሮ ጉማሬ ፍለጋ መሄድ የእሑድ ወግ ነው። የዋልታ ኤክስፒዲሽን የሚባለው ጉዞም መሠረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ትልቅ መርከብ ላይ ታድራላችሁ፣ በትንሽ ጀልባ ወደ ዳር ትወጣላችሁ፣ እንስሳ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ልዩነቱ ውሃው በረዶ ሊሆን ጥቂት የቀረው መሆኑ፣ በብዙው ቦታ ወደብ የሚባል ነገር አለመኖሩ፣ ደግሞም ዛሬ የት እንደምትወርዱ የሚወስኑት ነፋስና በረዶ መሆናቸው ነው።

ስለዚህ ጉዞ ሲወራ ሁሌ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «በየትኛው ቀን የት እንደምንወርድ ቀድመን አናውቅም እንዴ?» አታውቁም። ብሮሹሩ ላይ የተጻፈው የቦታ ዝርዝር ምኞት ነው። እናንተ ልታቅዱት የምትችሉት የመርከቡን መጠን፣ ወሩን፣ የካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) ቦታችሁን፣ ልብሳችሁንና ቪዛችሁን ነው። እነዚህን በደንብ የያዘ ሰው የቀረው ቢቀያየርም አይከፋውም።

ዋልታ ሲባል ሁለት ዓለም ነው። ደቡቡ አንታርክቲካ ነው። ብዙዎቹ መርከቦች የሚነሡት ከአርጀንቲና ጫፍ፣ ከኡሹዋያ ሲሆን ድሬክ የሚባለውን 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ባሕር ለማቋረጥ ሁለት ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል። ድሬክ ደስ ሲለው እንደ ሐይቅ ይተኛል፣ ሲነሣ ግን አንጀት ያናውጣል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወሰደው ማዕበሉ ሳይጀምር ነው፤ ከጀመረ በኋላ መዋጥ ብዙም አይረዳም። ሰሜኑ አርክቲክ ነው፤ ብዙ ጎብኚ የሚሄደው ሎንግየርቢየን ከምትባለው ከተማ ተነሥቶ ስቫልባርድ የተባሉትን የኖርዌይ ደሴቶች ለመዞር ነው። ደቡብ ላይ ፔንግዊን አለ፣ ድብ የለም። ሰሜን ላይ ድብ አለ፣ ፔንግዊን የለም። ይህ ልዩነት አወራረዱን ጭምር ይቀይረዋል። ስቫልባርድ ላይ አስጎብኚዎቹ ጠመንጃና የምልክት መተኮሻ ይዘው ቀድመው ይወርዳሉ፣ ዙሪያውን ይቃኛሉ፤ ድብ ከታየ ማንም አይወርድም፣ የወረደም ይመለሳል።

ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥቀስ። ጎብኚን ወደ አንታርክቲካ ይዞ በመሄድ ይህን ዓይነት ጉዞ የጀመረው ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ ነው፤ ዓመቱ 1966 ነበር። በ1969 ለዚሁ ሥራ ተብላ የተሠራች «ሊንድብላድ ኤክስፕሎረር» የምትባል መርከብ አመጣ። ያቺው መርከብ ስሟ ተቀይሮ ስትሠራ ቆይታ በ2007 አንታርክቲካ አጠገብ በረዶ በስቷት ሰጠመች። የተሳፈሩት 154 ሰዎች በሙሉ ተርፈዋል። ዛሬ በአንድ የጉዞ ወቅት ከ100,000 በላይ ጎብኚ ወደዚያ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ሰው ስለሚሄድ ደንቡ ጠበቅ ያለ ነው። በ1959 የተፈረመው የአንታርክቲካ ውል አህጉሩን ለሰላምና ለምርምር አድርጎታል፤ በ1991 የተፈረመው ፕሮቶኮል ደግሞ የአካባቢ ጥበቃውን ጨመረ። አስጎብኚዎቹ ራሳቸው በዚያው በ1991 አያቶ በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ አንድ ደንብ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይነካችኋል፦ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ መሬት መርገጥ የሚችለው ቢበዛ 100 ጎብኚ ነው። ከ500 በላይ ጎብኚ የጫነ መርከብ ደግሞ ማንንም ማውረድ አይችልም፤ መስኮት ላይ ሆኖ ማየት ብቻ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። መርከቡ 100 ሰው ከያዘ ሁሉም አንድ ላይ ይወርዳል። 200 ከያዘ ግማሹ መሬት ላይ ሲሆን ግማሹ በጎማ ጀልባ በረዶው መሃል ይዞራል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። 400 ከያዘ ቦት ጫማችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ተራ ስትጠብቁ ቀኑ ይሄዳል። ለእኔ ምርጫው ግልጽ ነው። ያላችሁን ገንዘብ በረንዳ ላለው ክፍል ሳይሆን ለትንሽ መርከብ አውሉት። ሰሜኑም ወደዚሁ እየመጣ ነው፤ ኖርዌይ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በስቫልባርድ ጥብቅ ቦታዎች ከ200 በላይ ጎብኚ የያዘ መርከብ እንዳይገባ ከልክላለች፣ እዚያ መውረድ የሚቻለውም በ43 የተመረጡ ቦታዎች ብቻ ሆኗል። ከድብ የሚጠበቀው ርቀት 300 ሜትር ነው፤ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ደግሞ 500 ሜትር።

መርከቦቹ ወቅቱ ሳይጀምር የመውረጃ ቦታና ሰዓት ተከፋፍለው ይይዛሉ፤ አንዱ መርከብ የሌላውን ጭስ እንኳ እንዳያይ ታስቦ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ውሳኔ የጉዞ መሪው ነው። ማታ ማታ ተሳፋሪው ሳሎን ይሰበሰብና የነገው ዕቅድ ይነገረዋል። ሌሊት ነፋሱ ከዞረ ጠዋት ሌላ ዕቅድ ይመጣል፤ ያም ካልሆነ ሦስተኛ። አየሩ ከፈቀደ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ትወጣላችሁ።

አወራረዱን ጠጋ ብለን እንየው። ከመጀመሪያው መውረድ በፊት የጃኬት ኪስ፣ የቦርሳ ስፌት፣ የቬልክሮ ጥርስ በቫኪዩም ይጸዳል። የቦት ጫማ ሶል መሃል የተሸጎጠች ጠጠር ወይም የሣር ፍሬ በሽቦ እየተጫረች ትወጣለች፤ ከሐዋሳ የተጣበቀች አንዲት ዘር እዚያ እንዳትበቅል ነው። ቦቱ በፀረ ተሕዋሲያን ውሃ ይነከራል፣ ስትመለሱም ይደገማል። ስትወጡ መታወቂያ ካርዳችሁ ይነበባል፣ ስትመለሱ እንደገና ይነበባል፤ ማንም መሬት ላይ እንዳይረሳ። ከዚያ ዞዲያክ ወደሚባለው የሚነፋ የጎማ ጀልባ ትወርዳላችሁ፤ አሥር ሰው ገደማ ይይዛል። እኛ አገር ባለጀልባው መዳፋችሁን ይዞ ነው የሚያሳፍራችሁ። እዚያ ግን መዳፍ ለመዳፍ ክልክል ነው፣ እርጥብ ጓንት ያሟልጫል። ክንድ ለክንድ ትያያዛላችሁ፤ እናንተ የመርከበኛውን ክንድ፣ እሱ የእናንተን፤ አንዱ እጅ ቢከዳ ሌላው ይይዛል። ሌላው እጃችሁ ባዶ መሆን አለበት፣ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ዳር ስትደርሱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ቁርጭምጭሚት ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ውስጥ ነው የምትወርዱት፤ ከጉልበት በታች የሚደርስ ላስቲክ ቦት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ሱሪውም ከቦቱ ውጭ ይደረጋል።

መሬት ላይ ከፔንግዊን ቢያንስ 5 ሜትር ትርቃላችሁ። እሱ ከመጣ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ፔንግዊኖች በረዶው ላይ በእግራቸው የጠረጉት መንገድ አላቸው፤ ቅድሚያ የእነሱ ነው። ምግብ ይዞ መውረድ የለም፣ ሽንት መሽናት የለም፣ ድንጋይ መውሰድ የለም፣ ለመዝናኛ ድሮን ማብረር የለም። የወፍ ጉንፋን ከመጣ ወዲህ መቀመጥና መንበርከክ፣ ቦርሳ መሬት ማስቀመጥም ተከልክሏል። ሽታው ደግሞ ይጠነክራል፤ አሞራ ገደል ላደገ ሰው ግን አዲስ ነገር አይሆንም።

ከመውረጃዎቹ ውስጥ ለሐዋሳ ሰው የምመርጠው ዲሴፕሽን ደሴትን ነው። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሃሉ ሲሰምጥ ባሕር የገባበት ቀለበት ነው፤ መርከቡ በጠባብ በር አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። የእኛም ሐይቅ ያረፈው አሮጌ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ላይ ነው። የእነሱ ግን ገና አልበረደም፣ በ1967፣ በ1969 እና በ1970 ፈንድቷል፤ ጥቁሩ አሸዋ ዳር አንዳንዴ እንፋሎት ይወጣል። እስከ 1931 ድረስ ዓሣ ነባሪ ይቀቀልባቸው የነበሩ የዛጉ ጋኖች ዛሬም ቆመዋል። ኔኮ ሃርበር ሌላ ነው። ከፊት ለፊት ያለው ግግር በረዶ ተገምሶ ሲወድቅ ማዕበሉ ዳር ድረስ ስለሚመጣ አስጎብኚው «ከውሃው ራቁ፣ ወደ ላይ ውጡ» ሲል መጨቃጨቅ አይገባም። ፖርት ሎክሮይ ደግሞ በ1944 የተቋቋመ የእንግሊዞች ጣቢያ ነበር፤ ዛሬ ሙዚየምና ፖስታ ቤት ሆኗል።

አሁን ወደ ካያኩ። መርከብ ላይ የካያክ ቦታ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ቡድን ከአሥር እስከ አሥራ ስድስት ሰው ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ከቲኬቱ ጋር አብሮ ካልተያዘ ያልቃል፣ ክፍያውም ለብቻ ነው። ካያክ የምትሄዱበት ሰዓት ሌላው ሰው በዞዲያክ የሚዞርበት ወይም መሬት የሚወርድበት ነው፤ አንዱን ስትመርጡ አንዱ ያጥራል። አንዳንድ መርከብ ደግሞ ለጀማሪ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞከር አጭር መቅዘፍ አለው። ቀዝፎ የማያውቅ ሰው በዚህ ቢጀምር እመክራለሁ።

ካያኮቹ ብዙውን ጊዜ ባለሁለት ሰው ናቸው፤ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ አይገለበጡም ባይባልም ይረጋጋሉ። የምትለብሱት ድራይ ሱት የሚባል፣ አንገትና አንጓ ላይ በላስቲክ የሚጠብቅ፣ ውሃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ ነው። ሱቱ ውሃ ይከለክላል እንጂ አያሞቅም፤ የሚያሞቀው ከሥር የምትደርቡት ሱፍ ነው። ጥጥ አይሆንም። በላዩ ላይፍ ጃኬት፣ ወገብ ላይ ውሃ የሚከልል ቀሚስ፣ እጅ ላይ ከመቅዘፊያው ጋር የሚታሰር ወፍራም ጓንት ይጨመራል። ካያኮቹ በዞዲያክ ተጎትተው ጸጥ ወዳለ ቦታ ይሄዳሉ፣ እናንተ ከዞዲያኩ ጠርዝ ተንሸራታችሁ ትገባላችሁ። ያው ዞዲያክ ለነፍስ አድን ከኋላ ይከተላል።

ጥንቃቄው ለምን እንደዚህ በዛ ለሚል ሰው፦ የባሕር ውሃ በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የምትቀዝፉበትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ያለ ሱት የወደቀ ሰው የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ለመቆጣጠር ይታገላል፤ አሥር ደቂቃ ያህል እጅና እግሩ ይታዘዙታል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቅዝቃዜው ራሱን ሊያስተው ይችላል። ለዚህ ነው ነፋስ ሲነሣ አስጎብኚው ሳያመነታ የሚሰርዘው። ከግግር በረዶው ላይ ድንገት የሚንደረደር ነፋስ ስላለ ፀሐይ እያለም ሊሰረዝ ይችላል። በአሥር ቀን ጉዞ ሦስት አራት ጊዜ ከቀዘፋችሁ ጥሩ ነው።

ከተንሳፋፊ በረዶም ይራቃል። ዘጠኝ አሥረኛው ገደማ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ሳይታሰብ ይገለበጣል። ግን ሞተር የሌለው ጀልባ ላይ ሆኖ በስብርባሪው በረዶ መካከል መቆም ሌላ ነገር ነው። አስጎብኚው «መቅዘፊያ አንሡ» ይላል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ያን ጊዜ ውሃው ሲንጣጣ ይሰማል፤ ልክ ምጣድ ላይ እንዳለ ፈንዲሻ። በረዶው ውስጥ ለረጅም ዘመን ታፍኖ የቆየ አየር እየወጣ ነው። ይህን ድምፅ ለመስማት ብቻ ካያክ መያዝ ያዋጣል ባይ ነኝ።

ወሩን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። አንታርክቲካ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው። ኅዳር ላይ በረዶው ያልተረገጠ ነው፣ ፔንግዊኖቹም ጎጆ ይሠራሉ። ታኅሣሥና ጥር ጫጩት የሚፈለፈልበት ነው። የካቲት ዓሣ ነባሪ ይበዛል። ስቫልባርድ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ ድረስ ነው።

ቪዛውን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ወደ ኡሹዋያ የሚሄድ የአርጀንቲና ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከአገር ወጥቶ በመርከብ ስለሚመለስ ደጋግሞ የሚያስገባ ቢሆን ይመረጣል። ስቫልባርድ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም፣ ግን በኖርዌይ አልፋችሁ ስለምትሄዱና ስለምትመለሱ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ያዙ። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ሄዶ መመለሻ ማጣት አለ። የጤና መድኅኑም በሄሊኮፕተርም ሆነ በመርከብ ሕመምተኛ ማስወጣትን የሚሸፍን ይሁን።

ልምምዱን ግን እዚሁ መጀመር ይቻላል። ሐይቃችን ጠዋት ይረጋጋል፣ ከሰዓት ነፋስ ያነሣል፤ ሁለቱንም ማየት ጥሩ ነው። ካያክ ካላገኛችሁ በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ ለምኑ፤ ትከሻና ወገብ የሚለምደው በዚያ ነው። ደንገሉን ግን ራቁት፣ ጉማሬ አለ። ላይፍ ጃኬት ለብሳችሁ፣ ዳር ላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ባለጀልባው ባለበት ሆን ብላችሁ ውሃ ውስጥ ግቡና ተመልሳችሁ ጀልባው ላይ ለመውጣት ሞክሩ። ስትወርዱም ባለጀልባውን መዳፉን ሳይሆን ክንዱን ያዙት።