የካንሰር ሕክምናና የሕመም ማስታገሻ በወሎ

ከደላንታ፣ ከቦረና ወይም ከወረባቦ የተነሳ የካንሰር ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ደሴ ነው። የቀድሞው ደሴ ሪፈራል፣ የዛሬው ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ለደቡብ ወሎና ለአጎራባች አካባቢዎች የሪፈር መዳረሻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ነበር።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ሁለቱም ቀድመው ከተገኙ ይታከማሉ። ችግሩ ሰው የሚመጣው ዘግይቶ መሆኑ ነው። ጠበሉ፣ ዱዓውና የአገር መድኃኒቱ ተሞክረው፣ ከብቱ ተሽጦ፣ ወራት ካለፉ በኋላ ይመጣል። ጨረር ካስፈለገ ደግሞ ሌላ ጉዞ አለ። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጅማን ጨምሮ ሌሎች ማዕከላት ቢከፈቱም ለወሎ ሰው መንገዱ ያው ረጅም ነው።

ስለ ጥራት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ማሽን ነው። የሕመም ማስታገሻ ግን ማሽን አይጠይቅም፤ ስለዚህ የዘገየበት ምክንያት ገንዘብ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል ቀላሉ ሕመም በፓራሲታሞል ወይም በአይቡፕሮፌን፣ መካከለኛው በኮዴይን ወይም በትራማዶል፣ ከባዱ በሞርፊን ይታከማል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድርጅቱ መመሪያ መሰላሉን እንደ ጥብቅ ሕግ ሳይሆን እንደ አጠቃላይ መምሪያ ያየዋል። መድኃኒቱ በተቻለ መጠን በአፍ ይሰጣል፤ ሕመሙ እስኪነሳ ሳይጠበቅ ሰዓቱን ጠብቆ ይወሰዳል። ቶሎ የሚሠራው ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ይደገማል፤ በመካከል ሕመሙ ከበረታ የሚወሰድ ተጨማሪ መጠንም አብሮ ይታዘዛል። ከሞርፊን ጋር የሆድ ድርቀት መከላከያ አለማዘዝ ግማሽ ሕክምና ነው፤ ሆዱ የደረቀበት ሰው መድኃኒቱን በራሱ ያቆመዋል።

ሞርፊን ሱስ ያስይዛል የሚለው ፍርሃት ቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ባለሙያንም ይይዛል። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ክትትል ሲሰጥ ሱስ ብዙም አያጋጥምም። መጠኑ በጊዜ ሂደት ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህ ግን ሱስ አይደለም። «ሞርፊን ከተጀመረማ አበቃ» የሚለውም እንዲሁ ስህተት ነው። መድኃኒቱ የሚጀመረው ሕመሙ ሲጠና እንጂ ሞት ሲቀርብ አይደለም።

በወሎ ከሁሉ የሚከብደው መጠየቁ ነው። ነርሷ «እንዴት አደሩ፣ አባባ?» ስትል መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ይሆናል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ላደሩትም እንኳ። ካርዱ ላይ «ደህና ነው» ተብሎ ይጻፋል። የሠለጠነች ነርስ ግን አታልፈውም፦ «ሌሊት ስንት ጊዜ ቀሰቀሰዎት? ለሶላት መስገድ ቻሉ?» ትላለች፤ ከዚያ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ታስመርጣለች፤ ማንበብ ለማይችል የፊት ሥዕል ታሳያለች። አነጋገሩም ፍንጭ ነው። «ይነድደኛል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል» የሚል ሰው ሕመሙ ከነርቭ ሊሆን ስለሚችል እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒት ሊታከልለት ይችላል።

ካንሰሩ ወደ አጥንት ለተዛመተበት ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ የ8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር ለብዙዎች ሕመሙን ያቀልላል። ለሳምንታት አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መቆየት ለማይችል ገበሬ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሪፈር ሲጻፍ ቢጠቀስለት መልካም ነው።

የጾም ወራት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። እስልምናም ሆነ ኦርቶዶክስ ሕመምተኛን ከጾም ቢያሳርፉም ብዙዎች መጾምን ይመርጣሉ፤ የቀኑን መድኃኒት ዘልለው ማታ በሕመም ይጨነቃሉ። በየ12 ሰዓቱ የሚወሰደው ቀስ ብሎ የሚሠራ የሞርፊን ክኒን ከተገኘ፣ ሐኪሙ የረመዳኑን መርሐ ግብር ለሱሑርና ለኢፍጣር አስጠግቶ ሊያወጣለት ይችላል።