መድኃኒት እምቢ ያለው የአንጎል ብግነት ምንድን ነው?

በርሊን የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ክኑት የሚባል የዋልታ ድብ ነበር። ዝነኛ ድብ ነው፤ የማያውቀው ጀርመናዊ አልነበረም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 ጎብኚዎች እያዩት ዞረበት፣ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ገንዳው ውስጥ ወድቆ ሰጠመ። ገና አራት ዓመቱ ነበር። ለዚያ ያበቃው ነገር የታወቀው በ2015 ነው። የገዛ ሰውነቱ የሠራው አንቲቦዲ አንጎሉን አስቆጥቶት ነበር። ይህ በሽታ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በሰው ላይ ብቻ ነበር።

ስሙ ኦቶኢሚዩን ኢንሰፍላይትስ ነው። ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ የአንጎል ብግነት ብንለው ያስኬዳል። አንቲቦዲ ጀርም ሲገባ የሚዋጋ ዘበኛ ነው። እዚህ ግን ዘበኛው ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ይደበድባል።

ዓይነቱ ብዙ ነው። በደንብ የተጠናው፣ ክኑትንም የያዘው፣ አንቲ ኤንኤምዲኤ የሚባለው ነው። ስፔናዊው የነርቭ ሐኪም ጆሴፕ ዳልማው ከባልደረቦቹ ጋር በ2007 ለይቶ አወጣው። የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች 12 ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ቴራቶማ የተባለ ዕጢ ነበረባቸው፤ አብዛኞቹ ኦቫሪያቸው (የእንቁላል ማምረቻቸው) ላይ። ቴራቶማ ጉደኛ ዕጢ ነው። ፀጉር ሊያበቅል፣ ጥርስ ሊያወጣ፣ የነርቭ ሥጋም ሊይዝ ይችላል። ሰውነት ያንን የነርቭ ሥጋ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዘምትበታል። ከዚያ አንጎል ውስጥ መሰሉን ሲያገኝ እዚያም ይቀጥላል። ዕጢ የሌለባቸውም ብዙዎች ይታመማሉ።

አጀማመሩ ያሳስታል። ራስ ምታት፣ ትንሽ ትኩሳት። ከዚያ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጥርጣሬ ይመጣል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል። እኛ ሠፈር ቢሆን ዛር ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ይባልና ወደ ጸበል ይኬዳል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ በሽተኛዋን መጀመሪያ የሚወስዷት አእምሮ ሐኪም ዘንድ ነው። ቀጥሎ የሚጥል በሽታ ይመጣል፣ አፍ ያለ ፈቃድ ይንቀሳቀሳል፣ ንግግር ይቆማል። የባሰባቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል በማሽን ይተነፍሳሉ።

ደግነቱ አንቲቦዲው የነርቭ ሴሉን አይገድለውም። ሴሉ ላይ ያሉትን ኤንኤምዲኤ የተባሉ መልእክት ተቀባዮች ይይዝና ወደ ውስጥ እንዲሰምጡ ያደርጋል። አንቲቦዲው ከሄደ ተቀባዮቹ ተመልሰው ይወጣሉ። ለዚህ ነው ወራት ሙሉ ራሷን ሳታውቅ የቆየች ልጅ ድና ትምህርቷን ልትቀጥል የምትችለው።

ሕክምናው ደረጃ አለው። መጀመሪያ ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ፣ ከለጋሾች ደም የተጣራ አንቲቦዲ በደም ሥር፣ ወይም ፕላዝማ ማጠብ (የደሙን ፈሳሽ ከአንቲቦዲው ማጽዳት) ይሰጣል። ዕጢ ካለ ይወጣል። በ2013 የወጣ 577 ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው በአራት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያሳዩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ለቀሪዎቹ ሁለተኛው ረድፍ ይመጣል፤ የሰውነትን መከላከያ ሴሎች የሚመቱት ሪቱክሲማብ ወይም ሳይክሎፎስፋማይድ። እነዚህም ካልሠሩ ሐኪሞቹ «ሪፍራክተሪ» ይሉታል። እምቢ አለ ማለት ነው።

እምቢ የሚለው ለምንድን ነው? ዋናው ምክንያት ይመስለኛል ቦታ መሳት ነው። ሪቱክሲማብ የሚገድለው ሲዲ20 የተባለ ምልክት ያለበትን፣ ቢ ሴል የተባለውን የመከላከያ ሴል ነው። አንቲቦዲውን በገፍ የሚያመርተው ግን ፕላዝማ ሴል ነው። ይህ ደግሞ ከቢ ሴል አድጎ የወጣ ሲሆን ሲዲ20ን ጥሎታል። ጊደሮቹን ብታርዳቸው የምትታለበው ላም ወተቷን አታቆምም፤ እስክታረጅ ትጠብቃለህ። አንዳንዱ ፕላዝማ ሴል ደግሞ መቅኔ ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ይኖራል። ሌላም ችግር አለ። በደምና በአንጎል መካከል ያለው ግድግዳ እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚያሳልፈው ከሺህ አንድ ያህሉን ነው።

በቅርብ ዓመታት የተጀመሩት ሙከራዎች ይህንን ለማለፍ የተነሡ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ኤክስቲንጉዊሽ የሚባል ሙከራ ኢነቢሊዙማብ የተባለ መድኃኒትን ለመፈተሽ ነው፤ 116 ታማሚዎችን ለማሳተፍ የታቀደ ነው። መድኃኒቱ የሚፈልገው ሲዲ19 የተባለውን ምልክት ነው። ይህ ምልክት ወደ ፕላዝማ ሴልነት በመለወጥ ላይ ባሉት ላይም ስላለ መረቡ ሰፋ ይላል። ጀርመኖቹ ደግሞ ቦርቴዞሚብን መረጡ። የመቅኔ ካንሰር መድኃኒት ነው። የሴሉን ቆሻሻ ማስወገጃ ይዘጋዋል። ፕላዝማ ሴል ቀን ከሌት የሚያመርት ፋብሪካ ስለሆነ በራሱ ቆሻሻ ታፍኖ ይሞታል። ብልህ ሐሳብ ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የበርሊኑ ነው። የክኑትን ሕመም ካገኙት አንዱ የሆነው ሃራልድ ፕሩስ ከባልደረቦቹ ጋር በ2023 አንድ ሥራ አወጣ። ቲ ሴል የተባለውን ገዳይ የመከላከያ ሴል ወስደው የኤንኤምዲኤ ተቀባይን ቁራጭ እላዩ ላይ ተከሉበት። ማጥመጃ መሆኑ ነው። ጥፋተኛው ቢ ሴል ማጥመጃውን ሲይዝ ቲ ሴሉ ይገድለዋል። ሌላው ቢ ሴል አይነካም። ይህንን ያሳዩት አይጥ ላይ ነው፤ አይጥና ሰው ለየቅል መሆናቸውን ግን ማስታወስ ያሻል።

ታዲያ መድኃኒቱ ካለ ለታማሚው ሰጥቶ ማየት አይቀልም? አይቀልም። በዚያው በ577ቱ ጥናት ታማሚዎቹ እስከ 18 ወር ድረስ እየተሻላቸው ነበር የሄደው። ሁለት ዓመት ሲሞላ ከመቶ 81ዱ ደህና ሆነዋል። እንግዲህ በአምስተኛው ወር አዲስ መድኃኒት ሰጥተህ በስድስተኛው በሽተኛዋ ብትነቃ ማን አዳናት? መድኃኒቱ ነው ወይስ ጊዜው? ያለ ማወዳደሪያ መልስ የለውም። ለዚህ ነው ግማሹ ታማሚ ፕላሴቦ፣ የይስሙላ መድኃኒት፣ የሚሰጠው። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ መቆጣቱ አይቀርም። ነገር ግን ባዶ እጁን የሚቀር የለም። ኤክስቲንጉዊሽ ውስጥ ሁሉም የመጀመሪያውን ሕክምና ያገኛል። በስድስተኛው ሳምንት ካልተሻለው ደግሞ ሳይክሎፎስፋማይድ ይጨመርለታል።

ሰው ማግኘቱም ፈተና ነው። ኤልጂአይ1 እና ካስፕር2 የተባሉ የአንጎል ፕሮቲኖችን በሚያጠቁ አንቲቦዲዎች የሚመጣ የሚጥል በሽታ ላይ በ2020 የታተመ ሙከራ የተሠራው በ17 ሰዎች ብቻ ነው። የለጋሽ አንቲቦዲ ከወሰዱት 8 ሰዎች የ6ቱ የሚጥል በሽታ ቀነሰ፤ ፕላሴቦ ከወሰዱት 9 ደግሞ የ2ቱ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ከሐሜት ይሻላል።

በግሌ «እምቢ አለ» የሚለው ቃል ቶሎ የሚወጣ ይመስለኛል። ስንት ሳምንት ተጠበቀ? ዕጢ በደንብ ተፈለገ? የህብለ ሰረሰር ፈሳሹስ ተመረመረ ወይስ ደም ብቻ ታየ? ከሁሉ በፊት ደግሞ በሽታው እውነት እሱ ነው? በ2023 የታተመ ጥናት ኦቶኢሚዩን ኢንሰፍላይትስ ነው ተብለው ሌላ በሽታ የተገኘባቸው 107 ሰዎችን ዘርዝሯል። ከእነሱ መካከል የሌላቸውን በሽታ መድኃኒት ሲወስዱ የቆዩና የመድኃኒቱ ጉዳት የተረፋቸው አሉ።