አንድ ኮድ፣ ብዙ ሰርቨር፦ የዌብ አፕሊኬሽን ማሻሻያ እንዴት ይጫናል?

አንድ ዌብ አፕሊኬሽን አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ሲቀመጥ ማሻሻያው ጣጣ የለውም። አዲሱን ፋይል መገልበጥ ነው፣ አለቀ። ተጠቃሚ ሲበዛ ግን ያው ኮድ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ሰርቨር ላይ ይጫናል። ከፊታቸው ሎድ ባላንሰር ይቆማል። እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ የሚመጣውን ጥያቄ ለየሰርቨሩ ያከፋፍላል። ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ሁሉንም ወደ አዲሱ ኮድ ማዛወሩን የሙያው ሰዎች «ዲፕሎይ ማድረግ» ይሉታል።

ድሬዳዋ ላይ ከምንሠራው ልነሳ። ለጅምላ ነጋዴዎች ትዕዛዝ መቀበያ ሲስተም አለን። ሦስቱን ሰርቨሮች በሰፈር ስም ነው የምንጠራቸው፦ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን። አንድ ቀን አዲስ የዋጋ ስሌት ከዚራና መጋላ ላይ ጫንን። ሳቢያን ተረሳ። ደንበኛው ገጹን ሲከፍት አንድ ዋጋ ያያል፤ ሪፍሬሽ ሲያደርግ ሌላ። ደውሎ «አቦ፣ ዋጋችሁ ቁርጥ የለውም እንዴ?» አለን።

እኛ በይቅርታ አለፍን። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ግን እንዲህ አልቀለለትም። እ.ኤ.አ. በ2012 አዲሱ ኮድ ከ8 ሰርቨሮች 7ቱ ላይ ብቻ ተጫነ። 8ኛው ላይ ለዓመታት ያልተነካ አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር። ኦገስት 1 ገበያው ሲከፈት ነቃና ትዕዛዝ ያጎርፍ ጀመር። የባሰው ደግሞ የተደናገጡት ባለሙያዎች ከ7ቱ ሰርቨሮች አዲሱን ኮድ ማንሳታቸው ነው። አሮጌው ኮድ በሁሉም ላይ ተነሳ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ።

ወደ አሠራሩ እንምጣ። በብዛት የሚሠራበት ተራ በተራ ማሻሻል ነው። ሎድ ባላንሰሩ ወደ ከዚራ አዲስ ጥያቄ መላክ ያቆማል፤ ከዚራ የጀመረውን ይጨርሳል፤ ኮዱ ይቀየራል፤ ሰርቨሩ ጤነኛ መሆኑ ይፈተሻል፤ ከዚያ ወደ ሥራ ይመለሳል። ቀጥሎ መጋላ፣ ከዚያ ሳቢያን። ሌላው ዘዴ የሰርቨሮቹን ሙሉ መንታ አዘጋጅቶ ተጠቃሚውን በአንዴ ማዞር ነው። ደህና ነው፣ ግን ለሁለት እጥፍ ሰርቨር መክፈልን ይጠይቃል፤ ለእኛ አቅም አይቀመስም። ሦስተኛው «ካናሪ» የሚባለው፣ ለጥቂት ተጠቃሚ ብቻ አስቀድሞ ማቅመስ ነው። ስሙን ያገኘው የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች መርዛማ ጋዝ እንድትጠቁማቸው ድሮ ይዘዋት ይገቡ ከነበረችው ካናሪ ወፍ ነው።

መሣሪያው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፋይል መላኪያ አርሲንክ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚልክ ኔትወርክ ለሚንቀረፈፍበት ሰው አሁንም ባለውለታ ነው። ብዙ ሰርቨር በአንዴ የሚያዘው አንሲብል በ2012፣ አፕሊኬሽኑን ከነሚያስፈልገው የሚጠቀልለው ዶከር በ2013፣ እነዚያን ጥቅሎች በብዙ ሰርቨር ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ በ2014 ተከተሉ። ለሦስት ሰርቨር ኩበርኔቲስ ማቆም፣ በእኔ አስተያየት፣ አንድ ኩንታል ለማድረስ የጭነት መኪና መከራየት ነው።

የእኛ ራስ ምታት መብራት ነው። ዲፕሎዩን ከላፕቶፕ ጀምረን መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ሥራው መሀል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ትዕዛዙን ሰርቨሩ ላይ፣ ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን በሚያስቀጥለው ቲማክስ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ እናስነሳዋለን፤ እኛ ብንጠፋም እሱ ይቀጥላል። ኮዱንም በአሮጌው ላይ አንገለብጥም። አዲሱ በራሱ ፎልደር ይገባል። ሁሉም ፋይል መድረሱ ሲረጋገጥ «የአሁኑ» የሚለው ሊንክ፣ ማለትም ወደ ፎልደሩ የሚጠቁመው አቋራጭ፣ ወደ እሱ ይዞራል። ማዞሩ ቅጽበት ነው። ካልሠራ ሊንኩን ወደ ቀድሞው መመለስ ነው።

ዳታቤዙ፣ ማለትም የመረጃው ቋት፣ ግን እንዲህ በሊንክ አይመለስም። ሦስቱም ሰርቨሮች የሚጋሩት አንድ ነው። ማሻሻያው ተራ በተራ ሲሄድ አሮጌና አዲስ ኮድ ለተወሰነ ደቂቃ ጎን ለጎን ይሠራሉ። በዚያ መሀል «ስልክ» የሚለውን ዓምድ «ሞባይል» ብሎ መሰየም አሮጌውን ኮድ መግደል ነው። መፍትሔው ትዕግሥት ይፈልጋል፦ መጀመሪያ አዲሱ ዓምድ ይጨመራል፣ ኮዱ ለጊዜው ሁለቱም ላይ ይጽፋል፣ የቆየው መረጃ ይገለበጣል፣ ንባቡ ወደ አዲሱ ይዞራል። አሮጌው ዓምድ የሚጠፋው በሌላ ቀን፣ በሌላ ዲፕሎይ ነው።

ሰዓቱስ? አንዱ ሰርቨር ሲወጣ የሦስቱን ሸክም ሁለቱ ስለሚሸከሙት ጭር ያለ ሰዓት ይመረጣል። ሌላ ቦታ ሌሊት ነው። ድሬ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ነጋዴው ራሱ ሱቁን ዘግቶ ያርፋል። እኛም ያኔ ነው የምንጭነው። ፀሐይዋ በርዳ ሱቆቹ ሲከፈቱ ሦስቱም ሰርቨሮች አንድ የቨርዥን ቁጥር እየመለሱ መሆን አለባቸው። ሳቢያንን አሁን ሁለቴ ነው የማየው።